ሁለት ጊዜ የተመለሰው ፋይል፦ የጉዳት ገማችነት ፈቃድ ለምታወጡ

የጉዳት ገማችነት ፈቃድ ለማውጣት ያስገባሁት ፋይል ሁለት ጊዜ ተመልሶብኛል። ሁለቱም ጊዜ የተመለሰው ሥራውን ስለማላውቅ አልነበረም። በካሳ ክፍል ዓመታት የሠራን ሰዎች የሌላውን ሰው ክሌም (የካሳ ጥያቄ) ስናይ ቀኑን፣ ፊርማውን፣ ማኅተሙን፣ የሻንሲ ቁጥሩን አንድ በአንድ እንለቅማለን። የራሳችንን ወረቀት ግን «ይሄማ የታወቀ ነው» ብለን እናስገባለን። ይህን የምጽፈው ከኋላዬ የምትመጡት፣ ከኩባንያ ካሳ ክፍል ብትወጡም ከጋራዥ፣ ከምህንድስና ወይም ከሂሳብ ሥራ፣ እኔ ያጠፋሁትን ወራት እንዳታጠፉ ነው።

መጀመሪያ ፈቃዱ ለማን እንደሆነ እንለይ። በመድን ኩባንያ ተቀጥሮ ጉዳት የሚያይ ሰው የሚሠራው በአሠሪው ስም ነው። በራሱ ስም፣ ለተለያዩ ኩባንያዎች፣ በክፍያ ጉዳት የሚገምት ሰው ግን ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ማግኘት አለበት። መሠረቱ የመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2004 ነው፤ በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1163 ተሻሽሏል። ሁለቱንም ከአራት ኪሎ፣ ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የነጋሪት ጋዜጣ መሸጫ ገዝታችሁ አንብቡ። ዝርዝር መስፈርቱ የሚወጣው ግን በመመሪያ ነው፤ መመሪያ ደግሞ ከአዋጅ ቶሎ ይቀየራል። የእኔ የመጀመሪያ ጥፋት ከሥራ ባልደረባ ያገኘሁትን ፎቶ ኮፒ የመስፈርት ዝርዝር ይዤ መሮጤ ነበር። ወረቀቱ መቼ እንደወጣ የሚናገር ቀን አልነበረውም። ብሔራዊ ትያትር አካባቢ ወዳለው የባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት ራሳችሁ ሂዱ፤ መድን ኩባንያዎችን ከሚቆጣጠረው ክፍል በዚያን ቀን የሚሠራበትን ዝርዝር ጠይቁና ራስጌው ላይ የተቀበላችሁበትን ቀን ጻፉበት። ግማሽ ቀን ይፈጅባችኋል፤ በኋላ ግን ወራት ያተርፍላችኋል።

ለመጀመሪያው መመለስ ምክንያቱ የሥራ ልምድ ደብዳቤዬ ነበር። ከቀድሞ አሠሪዬ የወጣው ደብዳቤ «በካሳ ክፍል በልዩ ልዩ የሥራ መደቦች አገልግለዋል» ይላል፤ ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ የሚያስረዳው ነገር ግን የለውም። ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሰው ፋይል ስትደረድሩ ኖራችሁ ወይስ የተቃጠለ መጋዘን ገብታችሁ ቆጥራችሁ መለየት አይችልም። ደብዳቤ ስታስጽፉ እነዚህ በግልጽ እንዲገቡ ጠይቁ፦ በየትኛው የመድን ዓይነት እንደሠራችሁ (ተሽከርካሪ፣ እሳት፣ የባሕር ጭነት፣ የምህንድስና)፣ ቦታ ድረስ ሄዳችሁ ጉዳት ያያችሁ መሆኑን፣ የግምት ሪፖርት በራሳችሁ ስም ፈርማችሁ እንደሆነ፣ እስከ ስንት ብር የሚደርስ ክሌም የመወሰን ወይም ሐሳብ የማቅረብ ሥልጣን እንደነበራችሁ፣ የጀመራችሁበትና ያቆማችሁበት ቀን። የሰው ኃይል ክፍሎች የተለመደ ቅጽ ስላላቸው ከዚያ መውጣት አይወዱም። ስለዚህ ረቂቁን እናንተ ጻፉና ለክፍል ኃላፊያችሁ አሳዩ፤ ኃላፊው ካመነበት በኋላ ወደ ሰው ኃይል ይሂድ። በዚያው አያይዛችሁ የሠራችኋቸውን ክሌሞች በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ አቅርቡ፦ ዓመት፣ የጉዳት ዓይነት፣ የተጠየቀ ገንዘብ፣ የተገመተ ገንዘብ፣ የእናንተ ድርሻ። የደንበኛ ስምና የሰሌዳ ቁጥር አይግባበት፤ የሌላ ሰው ምስጢር ነው። ምስጢር የማይጠብቅ ገማች ደግሞ ከመነሻው ሥራውን አጥቷል።

ሁለተኛው መመለስ ከሁሉም በላይ አስተምሮኛል። ከደብዳቤዎቼ አንዱ «ከ2008 ጀምሮ» ይላል፤ ከጎኑ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚል የለም። ዲግሪዬ ላይ ያለው ዓመት ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው፣ ከመመረቄ በፊት በባለሙያነት የሠራሁ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። አንድ ቃል በመቅረቱ ብቻ ሰነዶቼ እርስ በርሳቸው ተጣሉ። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ደብዳቤው ተስተካክሎ በሁለቱም አቆጣጠር ተጻፈ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ የቆዩ ሪፖርቶቼን ቅጂ ባገላበጥኩ ጊዜ ያው ጥፋት እዚያም ጠበቀኝ።

ይህ ነገር ከወረቀት ሥርዓት ያለፈ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የመድን ውላችን ብዙውን ጊዜ በፈረንጅ ቀን ይጻፋል፤ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና የደንበኛው ቃል ደግሞ በእኛ ቀን። ብዙዎቻችን «ህዳር 1 ማለት ኖቬምበር 10 ነው» ብለን በቃላችን ይዘናል። በአብዛኛው ዓመት ልክ ነው። ጳጉሜን 6 ቀን በምትሆንበት ዓመት ማግስት ግን መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 ፈንታ በሴፕቴምበር 12 ትውላለች፤ ልዩነቱም እስከ ፌብሩዋሪ 29 ድረስ ይቆያል። 2015 ጳጉሜን 6 የነበረባት ዓመት ስለሆነች ህዳር 1 ቀን 2016 የዋለው ኖቬምበር 11 ቀን 2023 ነው። ውሉ ኖቬምበር 10 እኩለ ሌሊት ላይ ያበቃለትን፣ አደጋው ግን ህዳር 1 የደረሰበትን መኪና አስቡ። በቃሉ የቀየረ ገማች አደጋውን በውሉ ውስጥ ያስገባዋል፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ውሉ አልቋል። በተቃራኒውም ውል በጀመረበት ዕለት ደርሶ፣ በቃል ሲቀየር ግን አንድ ቀን ቀድሞ የደረሰ የሚመስል አደጋ አለ፣ መንጃ ፈቃዱ በዚያች ዕለት ያበቃ ሾፌር አለ። ቀጣዩ እንዲህ ያለ ዓመት 2020 ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2020 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 ይውላል። በሠንጠረዥ ቀይሩ፤ በቃል አትቀይሩ።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «ሌሊት 8 ሰዓት» የሚል ሪፖርት ሲደርሳችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ለየትኛው ቀን አጥቢያ?» ብላችሁ ነው። ሰው «ህዳር 1 ሌሊት 8 ሰዓት» ሲል ህዳር 1 ከመሸ በኋላ፣ ለህዳር 2 አጥቢያ ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ በፈረንጁ አቆጣጠር ያ ቀን ተለውጧል። በሪፖርታችሁ ላይ ሁልጊዜ ሙሉውን ጻፉ፦ «ህዳር 1 ቀን 2016 ለህዳር 2 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፤ ይኸውም ኖቬምበር 12 ቀን 2023 ከእኩለ ሌሊት በኋላ 2 ሰዓት»።

የስም ጉዳይ አጭር ነው። በዲግሪያችሁ፣ በመታወቂያችሁ፣ በግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችሁና በልምድ ደብዳቤያችሁ ላይ ስማችሁ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት መሆኑን ከማስገባታችሁ በፊት አረጋግጡ። የአያት ስም ላይ አንዲት ፊደል ብትለያይ እንኳ በውልና ማስረጃ በኩል ማስተካከል ይሻላል፤ ካስገባችሁ በኋላ ከምትጨነቁ።

ፋይሉ እየታየ ሳለ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፤ እናንተም አትቀመጡ። ይህ ጊዜ ሕጉን ለማጥናት የተመቸ ነው። በ2013 አዲሱ የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243) ሲወጣ ብዙ ባልደረቦቻችን የ1952ቱ ሕግ ሙሉ በሙሉ የተሻረ መስሏቸው ነበር። ሙሉ በሙሉ አልተሻረም፤ ስለ መድን የሚናገረው ሦስተኛው መጽሐፍ እንዳለ ቀጥሏል። ከአንቀጽ 654 ጀምሮ ያለውን ክፍል በአማርኛው ደጋግማችሁ አንብቡት። ለገማች ዕለት ተዕለት የሚያስፈልጉት ጥቂት ናቸው። አንቀጽ 663 መድን ገቢው በቸልተኝነት ያደረሰው ጉዳት እንደሚካስ፣ ሆን ብሎ ያደረሰው ግን እንደማይካስ ይለያል፤ ልምድ የሌለው ገማች «ሾፌሩ ራሱ ነው ያጠፋው» ብሎ ክፍያ እንዳይፈጸም ሐሳብ ሲያቀርብ የሚስተው ይህን ነው። አንቀጽ 674 ከመድን ውል የሚነሣ ጥያቄ በሁለት ዓመት ስለሚቆምበት የይርጋ ጊዜ ይናገራል። አንቀጽ 678 የንብረት መድን የካሳ ውል መሆኑን፣ ካሳውም አደጋው በደረሰበት ዕለት ንብረቱ ከነበረው ዋጋ መብለጥ እንደሌለበት ያስቀምጣል። አንቀጽ 683 ደግሞ የዳረጎት መብት ነው፤ መድን ሰጪው ከከፈለ በኋላ በጥፋተኛው ላይ በመድን ገቢው እግር ተተክቶ ይጠይቃል። ይህን የሚያስብ ገማች የጥፋተኛውን ስም፣ ሰሌዳና የምስክሮችን አድራሻ በመጀመሪያው ቀን ይይዛል፤ ከስድስት ወር በኋላ አይገኙማ። ከዚህ ሌላ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 2081 ስለ ተሽከርካሪ ባለቤት ኃላፊነት ስለሚናገር አንብቡት፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ቅጾች ውስጥም ስለ መድን የተሰጡትን ውሳኔዎች እየመረጣችሁ እዩ። የሶስተኛ ወገን መድንን በሚመለከት ግን አደጋው በደረሰበት ቀን ይሠራ የነበረውን አዋጅ እንጂ ዛሬ የሚሠራበትን አትያዙ።

ቀጥሎ ስሌት ነው። ብዙ ቴክኒሻን ገማቾች ብረቱን ያውቃሉ፣ ስሌቱ ላይ ይወድቃሉ። ከሂሳብ ሥራ የመጣው ደግሞ ተቃራኒው ይገጥመዋል። በአሁኑ ጊዜ በጣም የሚያጋጥማችሁ ዋጋው ዝቅ ተደርጎ የተገባ መድን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ አብሮ ዘለለ፤ የመድን ገቢዎች ውል ግን በድሮው ዋጋ ላይ ቆሞ ቀረ። መኪናው ዛሬ 2,500,000 ብር ያወጣል እንበል፤ መድኑ የተገባው በ1,500,000 ነው። የጥገናው ወጪ 400,000 ብር ቢሆን፣ ውሉ አቨሬጅ የሚለውን አንቀጽ (መድኑ ከዋጋው በታች ከተገባ ካሳው በዚያው መጠን ይቀነሳል የሚለውን) ከያዘ፣ መድን ሰጪው የሚሸፍነው 1,500,000ን ለ2,500,000 አካፍላችሁ የምታገኙትን 60 በመቶ፣ ማለትም 240,000 ብር ነው። ኤክሰሱ (መድን ገቢው ራሱ የሚሸከመው ድርሻ) ከዚህ በፊት ይቀነስ ወይስ በኋላ የሚለውን ከውሉ ላይ አንብቡት፤ ከልማድ አትውሰዱት። የጉዳቱ ዕለት ገበያ ዋጋ ላይ እንዴት እንደደረሳችሁም በማስረጃ አሳዩ፤ ተመሳሳይ ሞዴል፣ ተመሳሳይ ዓመት፣ በተመሳሳይ ሳምንት ለሽያጭ የቀረቡ ቢያንስ ሦስት መኪኖች። መድን ገቢው በ60 በመቶው ይናደዳል፣ ያዝናልም። ሐዘኑ ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ስሌቱን ቁጭ አድርጋችሁ በወረቀት አስረዱት። ቁጥሩን ያየ ሰው ባይደሰት እንኳ እንዳልተታለለ ያውቃል።

የመርካቶ ሱቅ ወይም መጋዘን ሲቃጠል ሥራው ሌላ ነው፤ ዕቃው አመድ ስለሆነ የሚቆጠር የለም። ከመዝገብ ተነስታችሁ ትገምታላችሁ። በዓመቱ መጀመሪያ የነበረ ዕቃ 1,200,000፣ እስከ ቃጠሎው ዕለት የተገዛ 2,600,000፣ የተሸጠ 3,500,000 ይሁን። ነጋዴው «በመቶ ሃያ አተርፋለሁ» ይላችኋል። እዚህ ላይ ነው ጉድጓዱ። የሂሳብ ትምህርት የተማረ ሰው ይህን ከሽያጩ ላይ 20 በመቶ አድርጎ ይወስድና የተሸጠው ዕቃ መግዣ ዋጋ 2,800,000፣ የቀረው ዕቃ 1,000,000 ይሆንለታል። የመርካቶ ነጋዴ ግን በመቶ ሃያ ሲል ብዙ ጊዜ በመቶ ብር የገዛውን በመቶ ሃያ ሸጠ ማለቱ ነው። እንዲያ ከሆነ 3,500,000 ለ1.2 ይካፈላል፤ የመግዣ ዋጋው 2,916,667፣ የቀረው ዕቃ 883,333 ብር ነው። በአንዲት ቃል ትርጉም 116,667 ብር ልዩነት መጣ። ስለዚህ በመቶ አትጠይቁ። «ይሄን በስንት ገዝተህ በስንት ትሸጠው ነበር?» ብላችሁ አምስት ስድስት ዓይነት ዕቃ ጠይቁና ከግዥ ደረሰኝ ጋር አመሳክሩ። ሌላው ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። ነጋዴው ለታክሱ የተመዘገበ ከሆነ በግዥው ላይ የከፈለውን 15 በመቶ ስለሚያካክስ ጉዳቱ ታክሱን ሳይጨምር ይሰላል፤ 1,150,000 የሚል ደረሰኝ ለግምቱ 1,000,000 ነው። የመነሻው ዕቃ ቁጥርም ለግብር ከቀረበው ሂሳብ ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ ልዩነቱን በሪፖርቱ ጻፉት፤ ከነጋዴው ማብራሪያ ጋር።

ለእሳት ቃጠሎ ከእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን የተሰጠ ደብዳቤ መኖር አለበት። ሆኖም ደብዳቤው ብዙውን ጊዜ ስለ መነሻው የሚለው ጥቂት ነው። እናንተ ቦታው ሳይጠረግ ድረሱ። ቃጠሎው ከታች ወደ ላይ እንደ «V» ፊደል ስለሚሰፋ የጠበበውንና ዝቅ ያለውን ቦታ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ መነሻው እዚያ አካባቢ ነው። የኤሌክትሪክ ሳጥኑን፣ የተቀጣጠሉ ገመዶችን ጫፍ ፎቶ አንሡ፤ በብዙ ውሎች በራሱ ኮረንቲ የተቃጠለው መሣሪያ ራሱ አይካስም፣ ከእሱ የተዛመተው እሳት ያጠፋው ሌላው ዕቃ ግን ይካሳል። ይህን መለየት ካልቻላችሁ የአንድ ፍሪጅ ጥያቄ የሙሉ ሱቅ ካሳን ያበላሻል።

ወደ ተሽከርካሪ ልምጣ፤ አብዛኛው እንጀራችን እሱ ነውና። ፎቶ አነሳስ ላይ አንድ ሥርዓት ይኑራችሁና አትለውጡት። መጀመሪያ አራቱ ማዕዘናት ከሰሌዳው ጋር፣ ከዚያ የሻንሲ ቁጥር፣ የኪሎ ሜትር ንባብ፣ ከዚያ ጉዳቱ ከሦስት ሜትር፣ ከአንድ ሜትር፣ ከቅርብ ከማስመሪያ ጋር። ማስመሪያ የሌለበት ፎቶ ስለ ስንጥቅ ርዝመት ምንም አይመሰክርም። የሻንሲ ቁጥሩን ከመኪናው ላይ አንብቡ፤ ከሊብሬው ላይ ብቻ አትገልብጡ፣ ሁለቱ መግጠማቸውን ነው የምታረጋግጡት።

አሮጌ ጉዳትን ከአዲስ መለየት የሙያው ግማሽ ነው። አዲስ የተጫረ ላሜራ ያበራል፤ በክረምት ደግሞ በጥቂት ቀን ውስጥ ቀላ ያለ ዝገት ይይዛል። በስንጥቅ ውስጥ አቧራ ከተጋገረ፣ ፓራፋንጎው ላይ ያለው የጭረት አቅጣጫ ደንበኛው ከሚናገረው የግጭት አቅጣጫ ጋር ካልገጠመ፣ የሌላኛው መኪና ቀለም ካልተላለፈ ቆም በሉ። ከፍታ ለኩ፦ የሁለቱ መኪኖች ባምፐር ከመሬት ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? የቀለም ውፍረት መለኪያ መሣሪያ ግዙ። ከፋብሪካ የወጣ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 180 ማይክሮን ነው፤ 300 እና ከዚያ በላይ ካነበበ ከሥሩ ስቱኮ ወይም ተደራራቢ ቀለም ሊኖር ይችላል፣ ማለትም ያ ቦታ ከዚህ በፊት ተጠግኖ ወይም እንደገና ተቀብቶ ይሆናል። ማታ የደረሰ ግጭት ላይ «ፍሬቻ አብርቼ ነበር» የሚል ክርክር ካለ የተለመደውን አምፖል አውጥታችሁ ክሯን እዩ፤ በርታ ሳለች የተመታች ክር ትለጠጣለች ወይም ትጣመማለች፣ ጠፍታ የነበረች ግን ሳትለጠጥ ደህና ሆና ወይም ጥርት ብላ ተሰብራ ትገኛለች። የኤልኢዲ መብራት ላይ ይህ አይሠራም። ከፊት ክፉኛ የተመታ መኪና ላይ ደግሞ የሻንሲውን ሁለት ሰያፍ መስመሮች በሜትር ለኩ፤ ካልተስተካከሉ አካሉ ተጣሟል፣ ኮፈኑን ብቻ በመቀየር አይድንም።

በመጀመሪያ እይታ የማይታይ ጉዳት ሁልጊዜ አለ። ስለዚህ በመጀመሪያው ሪፖርት ላይ «ሲፈታ የሚታይ ተጨማሪ ጉዳት ሊኖር ይችላል፤ እንዲነገረኝና ከመጠገኑ በፊት እንዳየው» ብላችሁ ጻፉ። ጋራዡ ፈትቶ፣ ቀይሮ፣ አሮጌውን ከጣለ በኋላ የሚመጣ ተጨማሪ ሂሳብ ማረጋገጫ የለውም። የሚቀየሩ ዕቃዎችም በእናንተ ምልክት ይደረግባቸውና በቅሪትነት ይመለሱ።

ፕሮፎርማ ስትቀበሉ ሦስት ወረቀት ሦስት ዋጋ ማለት እንዳልሆነ አስተውሉ። ሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት የፊደል ስህተት፣ አንድ ዓይነት የዕቃ ቅደም ተከተል ካያችሁ ከአንድ እጅ ወጥተዋል። እኔ ዋጋውን ራሴ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄጄ መጠየቅ ከጀመርኩ ወዲህ ግምቴ ከክርክር ድኗል። ስትሄዱ «ኦሪጅናል፣ ኮፒ ወይስ ያገለገለ?» ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ፤ የሦስቱ ዋጋ እጅግ ይራራቃልና የትኛውን እንደያዛችሁ በሪፖርቱ ላይ በስሙ ጻፉት። ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ የጠየቃችሁበት ቀን ከጎኑ ይስፈር። የዕቃ፣ የላሜራ ሥራና የቀለም ወጪ ለየብቻ ይቀመጡ፤ ተደባልቆ የመጣ ሂሳብ መልሳችሁ አስለዩት። የአጠቃቀም ገደብም አትርሱ፤ በግል አገልግሎት የተመዘገበ መኪና ሰው በክፍያ ጭኖ ከተገኘ ይህን እንደ እውነታ መዝግቡ፣ ውጤቱን ግን ለመድን ሰጪው ተዉት።

እዚህ ላይ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝን ልናገር። ገማች አይከፍልም፣ አይከለክልም፤ ያየውን፣ የለካውንና የሚያስከትለውን ስሌት ያቀርባል። ጉዳቱ ዘንድ የምትደርሱት ሰው በተሰበረበት ሰዓት ነው። ሱቁ የነደደበት ነጋዴ ወይም በዚያች ሚኒባስ ልጆቹን የሚያሳድግ ሾፌር አንገታችሁ ላይ ተጠምጥሞ «ይከፈለኛል አይደል?» ይላችኋል። ርኅራኄ ይዟችሁ «አይዞህ፣ ይከፈልሃል» ብትሉ ያልተሰጣችሁን ሥልጣን ሰጣችሁ፤ በኋላ ካልተከፈለው ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ሰበራችሁት። «አይዞህ፤ ያየሁትን በሙሉ እጽፋለሁ፣ የጎደለህን ወረቀት ዛሬውኑ እነግርሃለሁ» በሉት። ይህን ማለት ትችላላችሁ፣ ታደርጉትማላችሁ። የጎደለውን ወረቀት ዝርዝር በጽሑፍ ስጡትና ቅጂው ላይ አስፈርሙት። ከጋራዥም ከመድን ገቢም የሚመጣ ስጦታ፣ ምሳም ቢሆን፣ ፋይሉ እስኪዘጋ አትቀበሉ። በትንሿ የአዲስ አበባ የመድን ሠፈር፣ ከለገሐር እስከ ሜክሲኮና ካዛንቺስ፣ የገማች ስም በአንድ ሳምንት ይዳረሳል።

ሪፖርቱ ሲጻፍ እውነታና አስተያየት አይደባለቁ። «መኪናው በፍጥነት ይነዳ ነበር» አስተያየት ነው፤ «አስፋልቱ ላይ 23 ሜትር የፍሬን ምልክት ለክቻለሁ፣ ፎቶ 14» እውነታ ነው። የሪፖርቱ ቅደም ተከተል ይህ ይሁን፦ ከመድን ሰጪው የተሰጣችሁ የሥራ ትእዛዝ፣ የውሉ ቁጥርና ዘመን፣ የአደጋው ቀንና ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር፣ የአደጋው አካሄድ፣ መነሻው፣ ከውሉ አንቀጾች ጋር ያለው ግንኙነት፣ ስሌቱ፣ የቅሪቱ ዋጋ፣ የዳረጎት ዕድል፣ በመጨረሻ የእናንተ ሐሳብ። ይህን ቅደም ተከተል ከያዛችሁ አንባቢው የት ምን እንደሚያገኝ ያውቃል። ከፈቃዱ በፊት ለማለማመድ ሦስት ያለቁ ክሌሞችን ስማቸውን አጥፍታችሁ በዚህ መልክ እንደገና ጻፉና ለአንድ አንጋፋ ባለሙያ አሳዩ። እኔ ባሳየሁ ጊዜ በቀይ ታርሞ የተመለሰልኝ ከግማሽ በላይ ነው፤ ከቀይ ምልክቶቹ መካከል አብዛኞቹ ማስረጃው የት እንዳለ ያልጠቆምኩባቸው ዓረፍተ ነገሮች ነበሩ።

በሦስተኛው ጊዜ ያስገባሁት ፋይል ማውጫ ነበረው። እያንዳንዱ ገጽ ቁጥር ይዟል፤ እያንዳንዱ ቀን በሁለት አቆጣጠር ተጽፏል፤ ማመልከቻው ላይ ያለው እያንዳንዱ አረፍተ ነገር «ገጽ 6 ይመልከቱ» እያለ ማስረጃውን ይጠቁማል። ለክሌም የማደርገውን ለራሴ አደረግሁ፤ ሳይመለስም አለፈ።

ፈቃዱ ሲወጣላችሁ ከመጀመሪያው ሥራ በፊት የሙያ ኃላፊነት መድን ግዙ፤ አንድ የተሳሳተ ስሌት ከዓመት ገቢያችሁ በላይ ሊሆን ይችላል። ሥራ ስትቀበሉ ክፍያችሁ በጽሑፍ ይወሰን፤ ከግምቱ መጠን ጋር የተያያዘ ክፍያ ስትስማሙ ደግሞ ጠንቀቅ በሉ፣ ግምቱ ከፍ ሲል ክፍያችሁም ከፍ ካለ ተከራካሪ ሁሉ ይህን ይመዝባችኋል። ቦርሳችሁ ውስጥ የሚኖሩት የታወቁ ናቸው፦ ሜትር፣ ማስመሪያ፣ የቀለም መለኪያ፣ የእጅ ባትሪ፣ ጓንት፣ ምልክት ማድረጊያ ቀለም፣ ቻርጅ የተደረገ ስልክ፣ የቀን መቀየሪያ ሠንጠረዥ። የፈቃዱን ሰነድ ራሱን ቢሮ ግድግዳ ላይ ስትሰቅሉት ደግሞ የሚያበቃበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ከጎኑ ለጥፉ፤ ለማደስ የምትነሡበትን ቀን ከዚያ ሁለት ወር ቀደም አድርጋችሁ ከሥሩ አስፍሩት።